ኬሞቴራፒ ከመጀመሩ በፊት ስለ ዘረመል ምን እንጠይቅ?

አንድ ዓይነት ካንሰር የያዛቸው፣ ክብደታቸውም የተቀራረበ ሁለት ሰዎች እኩል መጠን ያለው መድኃኒት ቢታዘዝላቸው፣ አንዱ በሳምንቱ ደኅና ሆኖ ሲንቀሳቀስ ሌላው አፉ ቆስሎ ውኃ መዋጥ ሊያቅተው ይችላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም የሚሠራበት ዘረመል ከሰው ሰው መለያየቱ ነው። ስለዚህ ከመንዝም ሆነ ከአንኮበር ተነሥታችሁ ለሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ታካሚዎችና አስታማሚዎች፣ «ኬሞ ታዟል» በሚለው ሳትወሰኑ የመድኃኒቱን ስም አጽፋችሁ ያዙ።

ስሙ ፍሎሮዩራሲል ወይም በክኒን የሚወሰደው ካፔሲታቢን ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ዲፒዲ ይሁን። በሰውነት ውስጥ ካለው ፍሎሮዩራሲል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያፈርሰው ይህ ኢንዛይም ስለሆነ፣ በዘረመል ጉድለት ምክንያት ሲያንስ መድኃኒቱ ሳይፈርስ ይቆይና ነጭ የደም ሴሎችን፣ እንዲሁም የአፍንና የአንጀትን ሽፋን ክፉኛ ይጎዳል። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ምርመራ እንዲደረግ የመከረው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ጉድለቱ ከፊል ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ይጀምራል፤ ኢንዛይሙ ጨርሶ ከሌለ ግን መድኃኒቱ አይሰጥም።

ውጤቱ ነጻ ቢልም መዘናጋት አይገባም። የተለመደው ምርመራ የሚፈልገው በአብዛኛው በአውሮፓውያን ላይ የታወቁትን አራት የዘረመል ለውጦች ሲሆን፣ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ የሚታየው ዋይ186ሲ የተባለው ለውጥ ከእነዚህ ውጪ ነው። የትኞቹ ለውጦች እንደተፈለጉና ዲፒዲ ሲያንስ በደም ውስጥ የሚጠራቀመውን የዩራሲልን መጠን መለካት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ምርመራው ከነአካቴው ባይገኝ፣ በእኔ አስተያየት የመጀመሪያውን ዙር የወሰደ ሰው በማግስቱ መንዝ ወዳለችው መሐል ሜዳ ከተማ ከሚሳፈር ይልቅ ሆስፒታል አጠገብ ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ያህል ቢሰነብት ይሻላል። ቴርሞሜትር ይኑራችሁ፤ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ «ብርድ ነው፣ ምች ነው» ሳትሉ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ተቅማጡ በቀን ከወትሮው በአራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ወይም አፍ ቆስሎ መብላት ከከለከለ፣ የካፔሲታቢኑን ክኒን አቁማችሁ ወዲያው ለሐኪሙ አሳውቁ።

ኢሪኖቴካን ለተባለው ሌላ የኬሞ መድኃኒት የሚጠየቀው ዩጂቲ1ኤ1፣ ለደም ካንሰር ለሚሰጠው መርካፕቶፑሪን ደግሞ ቲፒኤምቲና ኑድት15 የተባሉት ዘረመሎች ናቸው።

የሕመም ማስታገሻውም አይዘንጋ። ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለው ዘረመል የሚሠራው ኢንዛይም ነው፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህ ዘረመል ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል በተለመደው መጠን ሊበረታ ስለሚችል፣ ታካሚው ከልክ በላይ ካንቀላፋ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ቀጣዩን ክኒን ሳትሰጡ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ጉድለት ከተገኘ በታካሚው ካርድ ላይ በጉልህ ይጻፍ። በዘር የሚወረስ ስለሆነም ወንድሞችና እኅቶች ይነገራቸው፤ እነርሱም አንድ ቀን ይኸው መድኃኒት ቢታዘዝላቸው ለሐኪማቸው አስቀድመው መናገር ይችላሉ።