ከመለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

“የቪትዝ ቺንጊያ አለ?” ይላል ደንበኛው። አዲሱ ሻጭ “አለ፣ አብሽር!” ብሎ መሰላሉ ላይ ይወጣል። ስህተቱ እዚያው ጀመረ። ቪትዝ ሲባል አንድ ዓይነት መኪና ብቻ አይደለም። የሻንሲ ቁጥሯ (አካሏ ላይ የተቀረጸው መለያ) ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምረው ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ናት፤ ኤንሲፒ10 የሚለው 1.3። ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፤ ኮፈን ሲከፈት ግን የሞተራቸው ዘር ለየቅል ነው። ስለዚህ ከመሰላሉ በፊት ሊብሬ። ሊብሬ ካልያዘ ሻንሲውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይምጣ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ደግሞ ባለ 17 አሃዙ ረጅም ቁጥር የለውም፤ የሞዴሉ ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ጥቂት አሃዞች፤ በቃ። “ቁጥሩ ጎደሎ ነው” ብለው ደንበኛ የመለሱ ልጆች አይቻለሁ። ጎደሎው እነሱ ጋ ነበር።

ቀኝና ግራን ሳያጣሩ መሸጥ። ይቺን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። ከሐይቅ ከተማ አንድ ሾፌር ደውሎ “የቀኝ የፊት መብራት ላክልኝ” አለኝ፤ በሚኒባስ ላክሁ። ለካ ሰውዬው ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ነው ቀኙን የቆጠረው! መብራቱ 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ 30 ኪሎ ሜትር ተመለሰ፤ ሲመለስ አንዱ ማሰሪያው ተሰብሮ ነበር። በእኛ ሥራ ቀኝና ግራ የሚቆጠረው ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደፊት ሲያይ ነው። አሁን “ቀኝ” ያለኝን ሁሉ “በሾፌሩ በኩል ነው በረዳቱ?” እላለሁ።

ኩሽኔታን በዓይን መገመት። ኩሽኔታ ራሱ ይናገራል። ጭቃውን በጨርቅና በቤንዚን ጠረግ ሲያደርጉት ጠርዙ ላይ 6203 የሚል ካገኙ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ ማንም ፋብሪካ ይሥራው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉትን ፊደሎችም ያንብቡ፤ የጎማ ሽፋን ያለውና የብረት ሽፋን ያለው የሚለዩት በእነሱ ነው። የፍሪሲዮን ዲስክ ከሆነ ስፋቱን ይለኩ፣ የመሀሉን ጥርስ ይቁጠሩ። “አሮጌውን ይዘህ ና” ማለት ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን አሮጌውም ይዋሻል። ከዚህ በፊት የፈታው መካኒክ ያልሆነውን በግድ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ቶሎ የሚበላ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ካለ አሮጌውን ትቶ ወደ ሻንሲው መመለስ ነው።

የፍሬን ዘይትን እንደ ማንኛውም ዘይት ማየት። እዚህ ላይ አልቀልድም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ሲወረድ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ የተጫነ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ያንን በፍሬን ብቻ ከወረደው ከጎማው ሥር የሚወጣው ሽታ እስከ መንገድ ዳር ይደርሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 እና ዶት 4 የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ናቸው፤ አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ሲገባው የመፍያው መለኪያ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሆኖ 230፣ እርጥበት ሲገባው 155። ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። እንግዲህ ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ግማሽ ጠርሙስ “ለአንተ በቅናሽ” ብሎ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ራስዎ ያስቡት። የመሪ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት የሚሰጥማ የባሰ ነው፤ የፍሬኑን ጎሚኒዎች (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙትን ጎማዎች) አሳብጦ ሥርዓቱን በሙሉ ያበላሻል። እኛ ጋ ተከፍቶ የተገኘ ጠርሙስ ይጣላል፤ ሀጂ ባለሱቁ ቢያጉረመርሙም።

“ኦሪጅናል ነው” የምትለው ቃል በጣም ረክሳለች። መኪናውን የሠራው ኩባንያ በራሱ ሳጥን የሚያወጣው አለ፣ ሌላ ፋብሪካ በራሱ ስም የሚሠራው አለ፣ የሰው ስም ለጥፎ የሚመጣ ፎርጅድ አለ። ሁለተኛው ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል። ነውሩ ሁለተኛውን በአንደኛው ዋጋ መሸጥ ነው። የሸጡትን ዓይነት ደረሰኙ ላይ ይጻፉት፤ ነገ “እንዲህ ብለኸኝ ነበር” የሚል ክርክር አይመጣም።

የመካኒክ ኮሚሽን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም። መካኒኩ ዓይኑን ሲጠቅስ ባለመኪናው ላይ ዋጋ የሚጨምር ሻጭ አንድ ቀን ባለመኪናው ሌላ ሱቅ ዋጋ ሲጠይቅ ሁለቱንም ያጣቸዋል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ እንደማይመለስ ከመሸጡ በፊት ይናገሩ። ከተሸጠ በኋላ ሲነገር ጠብ ነው።

የመጨረሻው “የለም” ብሎ ዝም ማለት ነው። እኔ ባንኮኒው ሥር አንድ ደብተር አለኝ፤ የተጠየቀውንና ያጣነውን ሁሉ እጽፍበታለሁ። ሀጂ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ ሊያመጡ ሲሄዱ ገጹን ቀድጄ እሰጣቸዋለሁ። የዚህ ሳምንቱ አናት ላይ እንዲህ ይላል፦ ኤንሲፒ10፣ ቺንጊያ፣ 3 ሰው።