ሰዎቹ የት ሄዱ? ስለ «ዘ ኤንድለስ ፎረስት» መላምት አሠራር

«ዘ ኤንድለስ ፎረስት» በተባለው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ አንድም ሰው አይታይም። በደኑ መካከል ግን የፈረሰ ግንብ ቆሟል፤ መቃብሮች አሉ፤ ሐውልቶችም አሉ። በእነዚህ መካከል የሚመላለሱት ደግሞ የሰው ፊት ያላቸው አጋዘኖች ናቸው። ይህን ያየ ተጫዋች ግንቡን ማን ሠራው፣ እዚህ የተቀበረው ማን ነው፣ ሠሪዎቹስ ወዴት ሄዱ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጌሙ ራሱ መልስ ስለማይሰጥ ክፍተቱን የሚሞላው አድናቂው ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን መላምት ከምን ተነሥቶ፣ በምን ተፈትኖና በምን ቋንቋ ተጽፎ ማቅረብ እንደሚገባ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። የመነሻ ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ መላምት የሚመዘነው በአስደናቂነቱ ሳይሆን፣ ያነበበውን ሰው ወደ ደኑ መልሶ አንድን ድንጋይ ደግሞ እንዲያይ በማድረጉ ነው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጌሙ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦሪያ ሃርቪና ሚካኤል ሳሚን የተባሉ ሁለት የሥነ ጥበብ ሰዎች በቤልጅየም ጌንት ከተማ «ቴል ኦፍ ቴልስ» በሚል ስም ይሠሩ በነበረበት ጊዜ፣ በሉክሰምበርግ የሚገኘው ሙዳም የተባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን አዘዛቸው፤ ጌሙም እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ቀረበ። በደኑ ውስጥ የሚሰበሰብ ነጥብ፣ የሚሸነፍ ጠላት ወይም የሚፈጸም ግዳጅ የለም። ተጫዋቾች በጽሑፍም ሆነ በድምፅ አይነጋገሩም፤ አጋዘኑ ይጮኻል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይተኛል፣ ይሮጣል፣ መግባቢያውም ይኸው ብቻ ነው። የተጫዋቹ ስም እንኳ በፊደል አይጻፍም፤ ከቀንዶቹ በላይ የሚታይ አንድ ምልክት ብቻ ነው። አዲስ የሚገባ ሰው ግልገል ሆኖ ይጀምርና ከጊዜ በኋላ ባለ ቀንድ ጎልማሳ ይሆናል። ይህን ዝምታ ልብ ይበሉት፤ በዚያ ዓለም «እዚህ ምን ሆነ?» ተብሎ የሚጠየቅ የለም፤ ቢኖርም ለመመለስ ቃል የለውም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። እኛ በአማርኛ አጋዘን የምንለው የሀገራችን እንስሳ ቀንዱ ጠምዛዛ ነው፤ አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልኩን አይረግፍም። የጌሙ እንስሳ ግን በአውሮፓ ደኖች የሚኖረው፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣና በየዓመቱ ረግፎ እንደገና የሚበቅልለት ሌላ ወገን ነው። ሌላ የተለመደ ስም ስለሌለን አጋዘን ማለቴን እቀጥላለሁ። ሆኖም ስለ ሞትና ስለ መታደስ የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ፣ ከዋነኞቹ ምልክቶች አንዱ ከዓይኑ ይሰወርበታል።

የመጀመሪያው ተግባር ምንም ዓይነት ሐሳብ ሳይዙ ገብቶ ማየት ነው። ደብተር አጠገብዎ ያስቀምጡና በየቦታው እየቆሙ የሚያዩትን በተራ ቃላት ይመዝግቡ። «የጥንት ቤተ መቅደስ» ብለው አይጻፉ፤ «ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ» ብለው ይጻፉ። «የሐዘን ሐውልት» ከማለት «ከዓይኑ ውኃ የሚፈስስ የድንጋይ ምስል» ማለት ይሻላል፤ ተጫዋቾች «የሚያለቅሰው ጣዖት» ብለው የሚጠሩት እሱኑ ነው፤ ስሙ ራሱ ትርጓሜ መሆኑን አይዘንጉ። ኩሬው፣ አሮጌው የኦክ ዛፍና የመንትዮቹ አማልክት ሐውልት እንዲሁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገጽ ይገባቸዋል። በየገጹ ራስ ላይ ቀኑንና የጌሙን ሥሪት ይጻፉ። ደኑ በአንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ሳይሆን በየምዕራፉ ቦታ እየተጨመረበት ያደገ ነው፤ ከዓመታት በኋላም አንሪል ኤንጂን በተባለ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እንደገና የመሥራቱ ሥራ ተጀምሯል። ስለዚህ ከአሮጌው ሥሪት የተወሰደ ስክሪንሾትና ከአዲሱ የተወሰደው የተለያየ ነገር ቢያሳዩ፣ ልዩነቱ በዚያ ዓለም ውስጥ የተፈጸመ ታሪክ ነው ለማለት አይቸኩሉ።

ቀጥሎ የሰበሰቡትን በሦስት ክምር ይለዩ። በመጀመሪያው ክምር ደኑ ውስጥ ለማንም ተጫዋች የሚታየው ነገር ይገባል። በሁለተኛው ሠሪዎቹ ስለ ሥራቸው የተናገሩት፣ በሦስተኛው ደግሞ ተጫዋቾች በልማድ ያጸኑት ይገባል። ብዙ መላምት የሚበላሸው ሦስተኛው ክምር ሾልኮ ወደ መጀመሪያው ሲገባ ነው። አንድ ጊዜ ከመቃብሩ አጠገብ የራስ ቅል የሚመስል ጭምብል ያደረገ አጋዘን ተኝቶ አገኘሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፤ ከዚያም ጎኑ ተኛ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ ቆዩ። እኔም በዚያ ምሽት አጋዘኖቹ ለቀድሞ ሰዎች ያለቅሳሉ የሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ጻፍኩ። በማግሥቱ ሳነበው የተሳሳትኩበት ቦታ ግልጽ ሆነልኝ፤ ያየሁት ሁለት ተጫዋቾች በዚያ ሥፍራ እንዴት ሊሆኑ እንደ መረጡ ነበር እንጂ ሥፍራው ስለ ራሱ የሚመሰክረውን አልነበረም። ትዕይንቱ ከልብ የሚነካ ነው፤ ስለ ማኅበረሰቡ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። ግንቡን ማን እንደ ሠራው ግን አንዳች አይነግረንም።

በመጀመሪያው ክምር ውስጥም ቢሆን ዘላቂውንና ጊዜያዊውን መለየት ግድ ነው። ሃርቪና ሳሚን «አባዮጄኔሲስ» ብለው በሚጠሩት መንገድ ራሳቸው የደኑ አማልክት ሆነው በቀጥታ ጣልቃ እየገቡ፣ ጌሙ እየሄደ ሳለ የደኑን ሁኔታ ይለውጡ ነበር። የመንትዮቹ አማልክት ሐውልት የሚወክለውም እነሱኑ ነው። በአንድ ምሽት ታይቶ የጠፋ ነገር የደኑ ጥንታዊ ቅሪት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ አንድን ነገር ማስረጃ ከማድረግዎ በፊት ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተመልሰው በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ።

አሁን ወደ መላምቱ እንሂድ። የሰዎቹን መጥፋት ለመግለጽ የሚቀርቡ ሐሳቦች ብዙ ቢመስሉም፣ ሲጨመቁ በአራት መንገዶች ይጠቃለላሉ፦ ሰዎቹ ሞተዋል፤ ሰዎቹ ተለውጠው አጋዘኖች ሆነዋል፤ ሰዎቹ ተኝተዋል፣ አጋዘኖቹም ሕልማቸው ናቸው፤ ወይም ከመጀመሪያውም ሰው አልነበረም። የእርስዎን ሐሳብ ከነዚህ በአንዱ ሥር ካስቀመጡ በኋላ፣ ከደብተርዎ ላይ አንድ በአንድ እያነሡ ይጠይቁት፦ ይህ መላምት የአጋዘኑን ፊት ያስረዳል? መቃብሩን ያስረዳል? ቋንቋ አለመኖሩንስ?

«ሞተዋል» የሚለው መቃብሩን ወዲያው ያስረዳል፤ ፊቱ ላይ ሲደርስ ግን ይደናቀፋል። ከዚህም በላይ መቃብር የመጥፋት ሳይሆን የመኖር ማስረጃ ነው፤ አንድ ሰው ሲቀበር የቀበረው ሌላ ሰው አለና። ሕዝብ በአንድ ጊዜ ቢያልቅ ኖሮ በሥርዓት የተቀመጠ መቃብር ባልተገኘ ነበር። ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። ግንብና መቃብር በዛፍ ተከብበው ሲታዩ ብዙ ጸሐፊዎች «ሰው ትቶት ስለሄደ ደኑ ዋጠው» ብለው ይደመድማሉ። የጎጃምን ወይም የጎንደርን የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ያየ አንባቢ ግን ተቃራኒውን ያውቃል፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ ጽዱና ወይራው የቀረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ በመቃብሩ ዙሪያ ነው፤ የቀረውም ሰው ስለጠበቀው ነው። ዛፍ ብቻውን ስለ መተው አይመሰክርም። መተውን የሚያሳየው የፈረሰው ግድግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን መቼ እንደ ፈረሰ አይናገርም።

«ተለውጠዋል» የሚለው መላምት ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው የሰውን ፊት ስለሚያስረዳ ነው። ይህን መንገድ ከመረጡ በፊቱ ብቻ አይርኩ፤ የአስማቱን ሥርዓትም ይመልከቱ። በደኑ ውስጥ አንድ አጋዘን የሌላውን ጸጉር፣ ቀንድ ወይም ጭምብል በአስማት ሊለውጥ ይችላል፤ የራሱን ግን አይችልም። ለመለወጥ ሁልጊዜ ሌላ ያስፈልጋል። ይህ ሕግ ለመላምቱ የተዘጋጀ ስጦታ ነው፤ ሰዎቹ ተለውጠው ከሆነ አንዱ ሌላውን ለውጦት ይሆናል፤ የመጨረሻውን ሰው የለወጠው ታዲያ ማን ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወልድ መላምት፣ የታወጀ ተረት ከሚተርክ መላምት ይልቅ ዕድሜ አለው።

እኔ የምደግፈው ሦስተኛውን፣ «ተኝተዋል» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱንም ላሳይ። ጌሙ በመጀመሪያ ሲቀርብ እንደ ስክሪን ሴቨርም እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር፤ ማለትም ሰውየው ከኮምፒውተሩ ሲነሣና ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ፣ አጋዘኑ በደኑ ውስጥ ይገለጣል። ነገሩን ቀረብ ብለው ይዩት። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ማውሱን የሚነካ እጅ የለም፤ በዚያች ቅጽበት በስክሪኑ ላይ የሰው ፊት ያለው፣ የማይናገር፣ ስሙ የማይነበብ እንስሳ ብቅ ይላል። የጠፉት ሰዎች እኛው ነን፤ ጠፉ የሚባለውም ከወንበራችን ስንነሣ ነው፤ አጋዘኑም በሌለንበት የሚታይ ሕልማችን ነው። ይህ ፊቱን ያስረዳል፤ ዝምታውን ያስረዳል፤ ተጫዋቹ ግልገል ሆኖ ለምን እንደሚጀምርም በመጠኑ ያስረዳል። ግንቡን ግን አያስረዳም፤ ይህን ጉድለቱን ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ፤ እርስዎም የመላምትዎን ጉድለት በራስዎ እጅ እንዲጽፉት እመክራለሁ። አንባቢ ጉድለቱን ቀድሞ ካገኘው የቀረውንም አያምንም።

አራተኛው፣ ማለትም «ሰው አልነበረም» የሚለው፣ አሰልቺ ሊመስል ቢችልም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ባለጸጎች በአትክልት ሥፍራዎቻቸው ውስጥ፣ ከመጀመሪያውኑ ፈርሶ እንዲታይ የተደረገ ግንብ ያሠሩ ነበር፤ ማንም ያልኖረበት ፍርስራሽ፣ ለዓይን ደስታ የተሠራ። የደኑም ግንብ በሁለት አማልክት እጅ ፍርስራሽ ሆኖ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ አለመቀላቀል ያስፈልጋል። «ግንቡ ለምን ፈረሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሠሪዎቹ ፍርስራሽ ስለወደዱ» ማለት ከዓለሙ ውጭ የሚሰጥ መልስ ነው፤ «ነዋሪዎቹ ስለተሰደዱ» ማለት ደግሞ ከውስጥ የሚሰጥ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። የዚህ ጌም ልዩነቱ፣ ሠሪዎቹ አማልክት ሆነው ወደ ውስጥ ስለገቡ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው አጥር ዝቅ ማለቱ ነው፤ ጎበዝ ጸሐፊ የሚጠቀምበትም ይህንኑ ነው።

ወደ መጻፉ ሲደርሱ በግሶችዎ ላይ ይጠንቀቁ። ያዩትን «አለ» ይበሉ፤ ከዚያ የተነሣውን ግምት «ይመስላል» ይበሉ፤ ማስረጃ የሌለውን ምኞት ደግሞ «ቢሆንስ» ብለው ያቅርቡት። እነዚህ ሦስት ቃላት በቦታቸው ከዋሉ ሌላ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። ሐሳቡን ከሌላ ተጫዋች ካገኙት ከእሱ ማግኘትዎን ይግለጹ። አዲስ የገባ ግልገል ሲያጋጥምዎም መላምትዎን ቀድመው አይንገሩት፤ የመጀመሪያውን መደነቅ አንዴ ከወሰዱበት ሊመልሱለት አይችሉም።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ አትመው ይያዙትና ወደ ጌሙ ይግቡ። አጋዘንዎን ከመቃብሩ አጠገብ ያቁሙ፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቀስታ ያንብቡ፤ «አለ» ያሉትን ነገር በስክሪኑ ላይ ይፈልጉት። ያላገኙትን ይሰርዙ። ከዚያ ወደ ግንቡ፣ ከግንቡም ወደሚያለቅሰው ጣዖት ይሂዱና እንዲሁ ያድርጉ። የእኔ የመጀመሪያ ጽሑፍ አራት ገጽ ነበረ፤ ከኩሬው ስመለስ አንድ ገጽ ተኩል ሆኖ ነበር፤ ያወጣሁትም እሱኑ ነው።