የሃይድሮፖኒክስ ማዳበሪያ ውሃ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አፈር የአልሚውን ስህተት ይሸፍናል። የበዛውን ማዳበሪያ ይዞ ያቆያል፣ የጎደለውን ቀስ እያለ ይሰጣል። በሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ያለ አፈር ማዳበሪያ በሟሟበት ውሃ ብቻ የሚያድግ ተክል ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም፤ ሥሩ የተነከረበት ውሃ ከልክ በላይ ከጠነከረ ጉዳቱ ፈጥኖ ይታያል። ጀማሪዎች ሰብላቸውን የሚያጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማዳበሪያ አንሶ ሳይሆን በዝቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለሁሉም ተክል አንድ መጠን መስጠት

የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም የሟሟበት ማዳበሪያና ጨው ብዛት፣ የሚታወቀው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ሲለካ ነው። ልኬቱ ኢሲ ይባላል፣ በሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ይነበባል። ለሰላጣ ከ0.8 እስከ 1.2፣ ለበሶብላ ከ1.0 እስከ 1.6 ይስማማል። ፍሬ የያዘ ቲማቲም ግን ከ2.0 እስከ 3.5 ይፈልጋል። ሰላጣንና ቲማቲምን ከአንድ በርሜል ማጠጣት እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን መበደል ነው። የተክል ተመራማሪዎቹ ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርኖን በ1938 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ያወጡትን ታዋቂ የማዳበሪያ ውሃ ቀመር እንዳለ ወስደው ለሰላጣ የሚያዘጋጁ አሉ። ቀመሩ በሙሉ ጥንካሬው ኢሲው 2 አካባቢ ስለሚሆን ለሰላጣ ግማሹ ይበቃል።

ችግኝም እንደ አደገ ተክል አይመገብም። እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጣ ንጹህ ውሃ፣ ከዚያ የአዋቂው ሩብ፣ ቀጥሎ ግማሽ እያሉ መጨመር ነው።

የውሃውን የራሱን ቁጥር መርሳት

የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ማዳበሪያ ሳይገባበትም የራሱ ኢሲ አለው። ውሃው ብቻውን 0.5 ካነበበና የሚፈለገው 1.2 ከሆነ፣ ለማዳበሪያው የቀረው ቦታ 0.7 ብቻ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሚቆፈሩ ጉድጓዶች በብዙዎቹ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛል። እንዲህ ያለው ውሃ ተክሉ የማይፈልገውን ጨው ይዞ ቁጥሩን ስለሚሞላ፣ ከክረምት ዝናብ በተጠራቀመ ውሃ ማቅጠን ይመረጣል።

ዩሪያን አሟሙቶ መለካት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ዩሪያ በየቦታው ይገኛል፣ በውሃም በቀላሉ ይሟሟል። ነገር ግን የሟሟ ዩሪያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ መለኪያው ፈጽሞ አያየውም። ሰውየው አንድ እፍኝ ጨምሮ ይለካል፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ ሌላ እፍኝ ይጨምራል። መለኪያው ውሃው ቀጭን ነው እያለ በርሜሉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከልክ ያልፋል። ዩሪያው ቆይቶ ወደ አሞኒያ ሲቀየር ደግሞ፣ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እዚህ በበቂ ስለማይገኙ ሥሩን ያቃጥላል።

ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር የያዘው ማዳበሪያ) ማከልም መፍትሔ አይሆንም። በዩሪያውም በኤንፒኤሱም ውስጥ ፖታሲየም፣ ካልሲየምም ሆነ ማግኒዥየም የለም። የሚያስፈልገው የአበባ እርሻዎች በጠብታ መስኖ የሚሰጡት ዓይነት፣ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው፦ ካልሲየም ናይትሬት፣ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ሞኖፖታሲየም ፎስፌትና ማግኒዥየም ሰልፌት፣ በጥቂቱም ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች።

እነዚህንም በጥቂት ውሃ አንድ ላይ ማሟሟት አይገባም። ካልሲየም ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር በወፍራሙ ሲገናኝ ውሃው እንደ ወተት ይደፈርስና ነጭ ዝቃጭ ከታች ይቀመጣል። ያ ዝቃጭ ተክሉ የማያገኘው ምግብ ነው። ካልሲየም ናይትሬት በአንድ ጀሪካን፣ ሰልፌትና ፎስፌቱ በሌላ ጀሪካን ተሟሙተው፣ በርሜሉ በውሃ ከተሞላ በኋላ በየተራ ይጨመራሉ።

ፒፒኤምን ሳያጣሩ ማመን

አንዳንድ መለኪያዎች ኢሲውን ወደ ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደሟሟ ወደሚገልጽ ቁጥር) ቀይረው ያሳያሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኢሲ 1.0ን 500 ፒፒኤም ይሉታል፣ ሌሎቹ 700። ስለዚህ ከሌላ ሰው የተገኘ የፒፒኤም ቁጥር የየትኛው ስሌት እንደሆነ ካልታወቀ አይጠቅምም፤ በኢሲ መነጋገር ይሻላል። መለኪያውም ኢሲው 1.413 በሆነ መደበኛ ፈሳሽ በየጊዜው መስተካከል አለበት።

የጎደለውን በሙሉ ጥንካሬ መሙላት

በበጋ፣ ፀሐይ በበረታበትና አየሩ በደረቀበት ጊዜ፣ ተክል ከማዳበሪያው ይልቅ ውሃውን አብዝቶ ይጠጣል። በርሜሉ ይጎድላል፣ የቀረው ይወፍራል። በዚያ ላይ ሙሉ ጥንካሬ ያለው ማዳበሪያ ከተሞላበት ቁጥሩ በየሳምንቱ እየወጣ ይሄዳል። ውሃው እየቀነሰ ኢሲው ከጨመረ የተዘጋጀው ወፍራም ነበር ማለት ነው፤ ንጹህ ውሃ ብቻ ይጨመር። ሁለቱም አብረው ከቀነሱ ተክሉ ተርቧል። ቁጥሩ ባለበት ከቆየ መጠኑ ተስማምቶታል። የቀኑን ቁጥር በደብተር መመዝገብ ከማንኛውም ሰንጠረዥ የተሻለ መምህር ነው።

ቅጠል ሲገረጣ ማዳበሪያ መጨመር

አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልኬት) ከፍ ብሎ ብረቱ ስለማይወሰድ ነው። ፒኤችን ከ5.5 እስከ 6.5 መመለስ ይቀድማል። የሰላጣ የውስጥ ቅጠሎች ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲቃጠልም ካልሲየም ወደዚያ አልደረሰም ማለት ነው፤ ውሃው በጠነከረና አየር ባልተንቀሳቀሰ ቁጥር ይብሳል። እዚህ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ቃጠሎውን ያባብሰዋል።

እንዲህ ሲሆን ማቅጠን ነው። ለምሳሌ በባልዲ ያለው 20 ሊትር 1.8 ካነበበ፣ የቧንቧው ውሃ 0.3 ከሆነና የሚፈለገው 1.2 ከሆነ፣ 8 ሊትር አውጥቶ በዚያው ልክ የቧንቧ ውሃ መሙላት ይበቃል። የወጣው 8 ሊትር አይደፋም፤ ውሃ ተጨምሮበት በአፈር ላይ ላለው ጎመን ወይም ቆስጣ ይሰጣል።