«ሰነፍ ዓይን» ያለበት ልጅ ሰነፍ አይደለም፦ እኛ ቤት የሠራናቸው ስህተቶች

የእህቴን ልጅ ዓይን ያወቅነው በእብቅ ነው። ሞጣ አካባቢ ጤፍ ሲወቃ አውድማው ዳር ቆሞ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ እብቅ ገባበት። ቀኙን ጨፍኖ «እማዬ፣ የት ነሽ?» አለ። እናቱ ፊቱ ቆማለች። 7 ዓመቱ ነበር።

ሐኪሞች ሰነፍ ዓይን ይሉታል። አንጎል ከአንዱ ዓይን የሚመጣለትን ብዥ ያለ ምስል ትቶ በሌላው ብቻ ማየት ይለምዳል። መነሻው ብዙ ጊዜ ሸውራራነት ወይም የሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ቁጥር መራራቅ ነው። አንዳንዴ አብሮ የተወለደ የዓይን ሞራ ይሆናል። ከ100 ልጆች ሁለት ሦስቱ ላይ ይታያል።

«ካልቀላ ደህና ነው» ማለት

ጎጃም ውስጥ የዓይን ሕመም ሲባል ትዝ የሚለን ትራኮማና የዓይን ማዝ ነው። የሚቀላ፣ የሚያሳክክ፣ ዓይናር የሚያወጣ። እናታችን «ኧረ ኩልል ያለ ዓይን ነው» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ኩልል ያለ ነበር። ልጁም አይናገርም። ከድሮም ያየው እንዲሁ ስለሆነ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል። እቤት አንዱን ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሌላውን በመዳፍዎ ሸፍነው ያጫውቱት። አንደኛው ሲሸፈን ብቻ ከተነጫነጨ ወይም እጅዎን ከገፋ ያስመርምሩት። ምንም ባያሳይም ትምህርት ቤት ሳይገባ አንዴ መታየቱ አይጎዳም።

«ቀልበ ቢስ» እያሉ ማሳደግ

ይሄኛው ነው እኔን የሚቆጨኝ። ቡና ሲፈላ ሲኒ ማቀበል የሱ ሥራ ነበር። ሲኒው ከረከቦቱ ጫፍ ያልፍና መሬት ላይ ይከሰከሳል። የገና ጨዋታ ላይ ሩሯን ልለጋ ብሎ አየር ይመታል። ጓደኞቹ ቡድን ሲከፍሉ መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ሆነ። ኋላ «እግሬን አሞኛል» እያለ መውጣት ተወ። እኛም አመንነው።

የነገሮችን ርቀት አጥርቶ ለመለካት ሁለቱም ዓይኖች አብረው መሥራት አለባቸው። አንዱ ሲለግም መቅዳት፣ መርፌ ማስገባት፣ ኳስ መቅለብ ሁሉ ይከብዳል። እንዲህ ያሉ ልጆች ንባብም ይዘገያሉ፤ ፈተና ላይ መልስ ማጥቆር እንኳ ጊዜ ይወስድባቸዋል። በጨዋታ ችሎታቸውና ጓደኞቻቸው ዘንድ ባላቸው ቦታ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንደሚያዩ ጥናቶችም አሳይተዋል። ልጁ ግን ዓይኔ ነው አይልም። እኔ ነኝ ይላል። (የበሽታውን ስም «ሰነፍ» ያለው ሰው ልጆች ይሰሙኛል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። እኛ ቤት «ያልነቃው ዓይን» ነው የምንለው።)

በዓይኑ መጥራት

«ያ ሸውራራው» ሲባል ሰፈሩ ይስቃል፤ ልጁም አብሮ ይስቃል። ከዚያ ሰው ሲያናግረው ወደ መሬት ማየት ይጀምራል።

«ሲያድግ ይተወዋል»

አይተወውም። ሕክምናው በደንብ የሚይዘው ከ7 ዓመት በፊት ነው። ዘግይታችኋል ማለት ግን አበቃ ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላም የሚሻላቸው ልጆች አሉ። ጠበል የምትወስዱት ከሆነ ውሰዱት፤ የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አታሳልፉ።

መነጽሩን መፍራት

መነጽር ዓይን ያሰንፋል የሚባለው ወሬ ነው። አንዳንዱ ልጅ በመነጽር ብቻ ይሻለዋል።

ሽፋኑን እንደመሰለን ማድረግ

የሚሸፈነው ደህናው ዓይን ነው፤ የተኛው እንዲሠራ። አያቱ የታመመውን ሸፍናው አግኝተናታል፤ አይፈረድባትም፣ ቁስል የሚሸፈነው እንደዚያ ነው። በነጠላ ማሰርም አይሆንም፤ ልጁ በጎን አጮልቆ ያያል። የሚለጠፈው ይሻላል። ሰዓቱን ሐኪም ይወስናል፤ ለብዙ ልጆች በቀን 2 ሰዓት ይበቃል፤ ለከበደው እስከ 6 ይደርሳል። በራስ መጨመር ደህናውን ዓይን ሊያደክም ይችላል። የኛው ልጅ ትምህርት ቤት ለጥፎ ሄዶ አልቅሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እቤት ሆነ፤ ምስር እየለቀመ፣ ዶቃ እየሰካ፣ ፊደል በስንደዶ እየጠቆመ። ሲሰለቸው ይነቅለዋል። እህቴም ትቆጣና መልሳ ትለጥፋለች።

አሁን 9 ዓመቱ ነው። ዓይኑ ተሻሽሏል፤ እንደ ቀኙ ግን አልሆነም። እናታችን ሲኒ ስትሰጠው ዝም ብላ አትለቅም። መጀመሪያ ጠርዙን ጣቱ ላይ ታስነካዋለች።