ብራውዘር ሲመርጡ በራስዎ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ እንዴት እንደሚያወዳድሩ

«የትኛው ብራውዘር ይፈጥናል?» የሚለው ጥያቄ ብዙም ሩቅ አያስኬድም። ክሮም፣ ኤጅ፣ ብሬቭ፣ ኦፔራና ሳምሰንግ ኢንተርኔት መልካቸው ቢለያይም ሁሉም የተገነቡት ክሮሚየም በተባለው ክፍት ኮድ ላይ ነው። ኤጅም ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ እዚያው ገብቷል። ስለዚህ አንዱ ላይ በደንብ የሚከፈት ገጽ ሌላውም ላይ በአብዛኛው ይከፈታል፣ የፍጥነቱም ልዩነት በዓይን እምብዛም አይለይም። የራሳቸው ሞተር፣ ማለትም ገጹን አንብቦ የሚያሳየው ክፍል፣ ያላቸው ፋየርፎክስና ሳፋሪ ናቸው። አይፎን ላይ ደግሞ በአብዛኛው ዓለም የትኛውንም ብራውዘር ቢጭኑ ከሥር የሚሠራው የሳፋሪው ሞተር ዌብኪት ነው። እውነተኛው ልዩነት ያለው በሚወስዱት ራም (የኮምፒውተሩ ሜሞሪ)፣ በሚከለክሉት ክትትልና ከሌሎች መሣሪያዎችዎ ጋር በሚግባቡበት መንገድ ነው።

1. ማሻሻያ የማያገኘውን ከወዲሁ ይጣሉ

ከሜኑው «ኸልፕ»፣ ቀጥሎ «አባውት» የሚለውን ይክፈቱ። ብራውዘሩ ራሱን አድሶ የቅርብ ጊዜው ቨርዥን መሆኑን ከነገረዎ ደህና ነው። ኮምፒውተሩ ስላረጀ ማደስ እንደማይችል ከገለጸ ግን የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ለባንክና ለኢሜይል አይጠቀሙበት፣ የተገኘበት የደኅንነት ቀዳዳ አይደፈንለትምና። ለምሳሌ ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ ክሮም ቨርዥን 109 ላይ ቆሟል፤ ከ2023 ወዲህ ወደፊት አልሄደም።

2. ሁለት ብቻ ይምረጡ

አምስት ብራውዘር ጭኖ ማወዳደር ግራ ከማጋባት በቀር አይጠቅምም። አንድሮይድ ስልክና የጉግል አካውንት ይዞ ለሚውል ሰው ክሮም ምቹ ነው። የዊንዶውስ ላፕቶፕዎ ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ኤጅን ይሞክሩ፤ አብሮ ስለሚመጣ መጫን አያስፈልገውም፣ ያልተነኩ ታቦችንም ያስተኛል። አይፎንና ማክ ላለው ሳፋሪ ባትሪ በመቆጠብ ይመረጣል። ስልክ ላይ ማስታወቂያ ያስቸገረው ሰው ብሬቭን ወይም ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር አነስተኛ ፕሮግራም) የሚቀበለውን የአንድሮይድ ፋየርፎክስ ይውሰድ።

ኦፔራ ሚኒ ዳታ የሚቆጥበው ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ጨምቆ በመላክ ነው። ለዜና ንባብ ጥሩ ነው፤ ጠንከር ባለው የቁጠባ ደረጃ ግን አንዳንድ ቁልፎችና ፎርሞች አይሠሩም። ለባንክ ሥራ መደበኛ ብራውዘር ይጠቀሙ።

3. ይፈትኑ

በየቀኑ የሚከፍቷቸውን አምስት ገጾች ይጻፉ፤ ኢሜይል፣ ባንክና ቪዲዮ ይኑሩበት። በሁለቱም ብራውዘሮች ላይ ያሉ ኤክስቴንሽኖችን ያጥፉ፣ አለዚያ የሚመዝኑት ብራውዘሩን ሳይሆን የተጫነበትን ነው። ኮምፒውተሩን አስነስተው አንዱን ብቻ ይክፈቱ፣ አምስቱንም ገጾች በየታባቸው ከፍተው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ይክፈቱና ከብራውዘሩ ስም ትይዩ ያለውን የሜሞሪ ቁጥር ይመዝግቡ። ዘግተው ሌላውንም እንዲሁ ያድርጉ።

ፍጥነቱንም ሲያነጻጽሩ የመጀመሪያውን የገጽ አከፋፈት አይቁጠሩት፤ ብራውዘሩ ምስሎቹን ገና ስላላስቀመጠ ይዘገያል፣ የሚመዘነው ሁለተኛው ነው። ኔትወርኩ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ሁለቱንም ፈተና አከታትለው ይጨርሱ። የ100 ሜጋባይት ልዩነት ምንም አይደለም። የኮምፒውተሩ ጠቅላላ ሜሞሪ ከ90 በመቶ ሲያልፍ ግን ማሽኑ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምርና ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል።

ብራውዘር ከመቀየርዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። ክሮም፣ ኤጅ ወይም ፋየርፎክስ ተከፍቶ ሳለ ሺፍትና ኢስኬፕን ቢጫኑ እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን የሚበላው ሜሞሪ ተዘርዝሮ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ተከፍቶ የተረሳ አንድ ታብ ሆኖ ይገኛል፤ እሱን መዝጋት ብቻ ይበቃል።

ስልክ ላይ አንዱን ሦስት ቀን፣ ሌላውን ሦስት ቀን ይጠቀሙና ሴቲንግ ውስጥ እያንዳንዱ አፕ የወሰደውን ባትሪና ዳታ ያነጻጽሩ።

4. ክትትሉን ያስተካክሉ

ፋየርፎክስና ሳፋሪ ከድረ ገጽ ወደ ድረ ገጽ የሚከተሉ ኩኪዎችን (ድረ ገጾች ብራውዘሩ ውስጥ የሚያስቀምጧቸው ትናንሽ ፋይሎች) ሴቲንጋቸውን ሳይነኩ ይገድባሉ። ክሮም ላይ ግን ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ገብተው የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን ራስዎ መከልከል አለብዎት። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የግል መስኮት ታሪክዎ በመሣሪያው ላይ እንዳይቀር ከማድረግ አልፎ ከኢንተርኔት አቅራቢዎ ወይም ከመሥሪያ ቤትዎ ኔትወርክ አይሰውርዎትም። ይህን ሳያውቁ የሚተማመኑበት ሰዎች ብዙ ናቸው።

5. ዕቃዎን ያዛውሩ

አዲሱ ብራውዘር ሴቲንግ ውስጥ «ኢምፖርት» የሚለውን ፈልገው ቡክማርክና ፓስወርድ ከአሮጌው ይሳቡ። ፓስወርዶቹ ካልመጡ ከአሮጌው በሲኤስቪ ፋይል ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ፋይል ምንም ቁልፍ የለበትም፣ የከፈተው ሁሉ እያንዳንዱን ፓስወርድ ያነበዋል። አስገብተው እንደጨረሱ ያጥፉት፣ ሪሳይክል ቢንንም ባዶ ያድርጉ፤ የዳውንሎድ ፎልደርዎ ከክላውድ ጋር የተያያዘ ከሆነ እዚያም ይፈልጉት። አብዛኛው ድረ ገጽ እንደገና ሎግ ኢን ስለሚጠይቅ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣበት ስልክ አጠገብዎ ይኑር።

ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ ገብተው የብራውዘሩን ስም ከመረጡ በኋላ «ሴት ዲፎልት»ን ይጫኑ። አንድሮይድ ላይም ዲፎልት አፕስ ውስጥ «ብራውዘር አፕ» የሚል አለ።

አሮጌውን ለአንድ ወር አያጥፉት። አንድ ፎርም አልላክ ካለ በቅድሚያ፣ ፋየርፎክስ ወይም ብሬቭ ከሆነ፣ አድራሻው አጠገብ ያለችውን የጋሻ ምልክት ተጭነው ለዚያ ገጽ ብቻ መከላከያውን ያንሱ፤ እምቢ ካለ በአሮጌው ይክፈቱት። ለማጥፋት ሲወስኑ ደግሞ አስቀድመው ከአካውንትዎ ይውጡ። ሲንክ (መሣሪያዎችዎን የሚያመሳስለው) እንደበራ ፓስወርድን ጨምሮ ዳታ ካጸዱ ፓስወርዶቹ ከዚያ ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ከአካውንቱና ከስልክዎም ይጠፋሉ።