ከብርቱካን ልጣጭ የመጣውን የስኳር ምትክ እንዴት እንጠቀም?

አክስቴ የስኳር በሽታ ካገኛቸው ወዲህ ቡና ሲፈላ የእሳቸው ሲኒ ለብቻ ነው። ጅማ ተወልዶ ቡናን ያለ ስኳር መጠጣት ቀላል አይደለም ይላሉ። በቀደም ከውጭ የመጣ ዘመድ ነጭ ዱቄት በትንሽ ዕቃ አመጣላቸው። እኔም አውቃለሁ ብዬ በጣቴ ቆንጥሬ ሲኒው ውስጥ ጣል አደረግኩ። አንዴ ፉት አሉና ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ቡናው አለቀ፤ ጣፋጩ ግን አላልቅ አለኝ» አሉኝ። በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቶች በሳቅ ሞቱ።

ዱቄቱ ኒዮሄስፔሪዲን ዲኤችሲ ይባላል። ስሙ ከከበዳችሁ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን መለያ ቁጥሩን፣ ኢ959ን፣ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሆሮዊትዝ እና ጀንቲሊ የተባሉ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች የብርቱካንና የዘመዶቹ ምሬት ከየት እንደሚመጣ ሲያጠኑ አገኙት። መራራ ሲፈልጉ ጣፋጭ አገኙ። በመራራ ብርቱካን ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በጠንካራ አልካሊና በሃይድሮጅን ተለውጦ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ንጹህ የተፈጥሮ ነው» የሚላችሁን ሻጭ በግማሽ ጆሮ ስሙት። ልጣጭ ቀቅላችሁም ቤት ውስጥ አታገኙትም።

መጀመሪያ ማሸጊያውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ከሌላ ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚባሉት ካሉበት፣ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርጉ ስኳር ላለበት ሰው እነሱም ይቆጠራሉ።

ቀጥሎ መጠኑ። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። በተለመደው አጠቃቀም ከስኳር 340 ጊዜ ገደማ ይጣፍጣል፤ በጣም በትንሹ ሲሆን ደግሞ ከ1500 ጊዜ በላይ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ለመተካት 12 ሚሊግራም አካባቢ ይበቃል ማለት ነው። በጣት ተቆንጥሮ የሚመጣው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው።

እኛ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ወርቅ ቤቶች በሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን 0.1 ግራም እንመዝናለን። በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ እንበጠብጠዋለን፤ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አይሟሟም። ከዚህ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ 1 ሚሊግራም ይይዛል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠን በጥቂት ቀናት እንጨርሰዋለን። ሚዛን ከሌላችሁ ንጹሑን ዱቄት ተዉትና ተመጥኖ የታሸገውን ግዙ።

ለአንድ ሲኒ ከዚህ ብጥብጥ በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ፤ እንዳልኩት በትንሹ ሲሆን ጣፋጭነቱ ይበረታል። ከዚያ ታገሡ። ጣዕሙ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይም እንስላል እንስላል ይላል። «ገና አልጣፈጠም» ብላችሁ ከደገማችሁ የእኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። ለእኔ ዋና ጥቅሙ ማጣፈጡ ሳይሆን ምሬት መስበሩ ነው። መድኃኒት አምራቾችም መራራ ሽሮፕ ውስጥ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። የስኳር ችግር የሌለበት ሰው ስኳሩን በግማሽ ቀንሶ ይህን ቢጨምርበት የተሻለ ጣዕም ያገኛል። ሙቀት ስለሚችል የሚፈላ ሻይ ውስጥም ይገባል። ኬክ ላይ ግን አትድከሙ፤ እንደ ስኳር ሊጡን አያበዛም፣ ሲጋገርም አያቀላም።

ደህንነቱስ? የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 20 ሚሊግራም ችግር የለውም ብሏል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1200 ሚሊግራም ይሆናል፤ በእኛ ብጥብጥ 1200 ማንኪያ ነው! 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ግን 300 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ከልጆች እጅ ይራቅ። ለመክሳት ብላችሁ ከሆነ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር በስኳር ምትኮች ባንተማመን ይሻላል ብሏል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና እጁ ሲንቀጠቀጥ ይህን አትስጡት። ጣፋጭ ቢሆንም ስኳሩን አያነሳለትም። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ እውነተኛ ስኳር ወይም ማር ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጎረቤቶቻችን «የጅማ ማር ስኳር አይደለም፣ አይጎዳም» እያሉ አክስቴን ሲገፋፏቸው ኖረዋል። ማርም ስኳር ነው። እሳቸውም ገብቷቸው ቡናቸው ላይ አያደርጉትም፤ ላብ ላብ ለሚላቸው ቀን ብለው ግን አንድ ብልቃጥ ከአልጋቸው ራስጌ አስቀምጠዋል።