ወደ ዋኤ ሬቦ ለመሄድና በወጉ እንግዳ ለመሆን

በኢንዶኔዥያ የፍሎሬስ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል፣ በማንጋራይ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ዋኤ ሬቦ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። ሰባት ሾጣጣ የሣር ክዳን ቤቶች አንድን ለምለም ሜዳ ከበው ቆመውባታል፤ መኪና የሚደርስባት መንገድ ግን የላትም። ከሌላ ስፍራ የመጣ ሰው ወደ መንደሯ የሚገባው እንደ ቤት እንግዳ፣ አስቀድሞ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። የጉዞው ቀን፣ የሚያዘው ዕቃ፣ የሚለበሰው ልብስ ሁሉ ይህን አቀባበል ታሳቢ አድርጎ ቢዘጋጅ መልካም ነው።

ለመንገድ የሚመቹት ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሜይ እስከ ኦክቶበር ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። ከኖቬምበር አንስቶ እስከ ማርች ድረስ ዝናቡ ይበረታል፤ ዳገቱ ይጨቀያል፣ በጫካው ውስጥ አልቅት ይበዛል፣ ጉሙም መንደሩን ቀኑን ሙሉ ሊሸፍነው ይችላል። በኖቬምበር የሚከበረው ፔንቲ፣ ማለትም ስላለፈው ምርት ምስጋና የሚቀርብበትና አዲሱ የእርሻ ዓመት የሚጀመርበት በዓል፣ ቻቺ የተባለው የጅራፍና የጋሻ ፍልሚያ የሚታይበት ስለሆነ በጭቃው ምክንያት መተው የለበትም እላለሁ። የመንደሩን የዘወትር ኑሮ ለማየት ለሚሻ ሰው ግን ቡና የሚለቀምባቸውን የደረቁ ወራት አስቀድማለሁ፤ በእነዚህ ጊዜያት ሴቶቹ ፍሬውን በየቤቱ ደጃፍ አስጥተው ሲያገላብጡ ይታያሉ።

በአየር የሚመጣ ሰው የሚያርፈው በላቡዋን ባጆ ከተማ በሚገኘው የኮሞዶ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ በኪራይ መኪና በሌምቦር በኩል አድርጎ በእግር መንገዱ መነሻ ላይ ወደምትገኘው ወደ ዴንጌ መንደር ለመድረስ የቀኑ አብዛኛው ክፍል ያስፈልጋል። ወጪ መቀነስ የሚፈልግ የማንጋራይ አውራጃ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ሩቴንግ ሄዶ፣ ከዚያ ኦቶ ኮል በሚባሉት፣ በጭነት ማስቀመጫቸው ላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር በተደረደረላቸው የሕዝብ ማመላለሻዎች መሳፈር ይችላል። ገንዘብ በሩፒያ፣ ያውም በተዘረዘሩ ኖቶች፣ በላቡዋን ባጆ ወይም በሩቴንግ ሳሉ ያውጡ፤ ከተራራው ሥር የባንክ ማሽን ማግኘት አይታሰብም። ዴንጌ ላይ አንድ ሌሊት ማደር በእጅጉ የሚመከር ነው፤ እዚያ ያሉት አሳዳሪዎች የእንግዳውን መምጣትና የሰዉን ብዛት ለመንደሩ ያሳውቃሉ፣ ከመንደሩ ጋር ዝምድና ያለው መሪም ያገናኛሉ። መሪው መንገድ ከማሳየት በተጨማሪ በአቀባበሉ ሥነ ሥርዓት ላይ አስተርጓሚ ስለሚሆን፣ ለእርሱ የሚከፈለውን ገንዘብ ለመቆጠብ መሞከር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በማግስቱ በማለዳ ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ጉምና ዝናብ ስለሚወርድ ከቀትር በፊት መድረስ ይበጃል። ከዴንጌ እስከ ዋኤ ሎምባ ወንዝ ያለውን መንገድ በሞተር ሳይክል ማገባደድ ይቻላል። ከወንዙ በኋላ ያለው የእግር መንገድ እንደ ሰው አቅም ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ እስከ ፖቾ ሮኮ ያለው ዳገት ዋነኛው ድካም ሲሆን ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይቀላል። ይዘው የሚወጡት ዕቃ ቀላል ይሁን፤ የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ውኃ፣ የእጅ ባትሪና ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ሹራብ ይበቃሉ። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስም ለመግቢያው አይዘንጉ።

መንደሩ ከመግባትዎ በፊት በመጨረሻው ቁልቁለት ላይ አንድ ትንሽ መጠለያ ይገኛል። መሪው እዚያ ቆሞ ቀርከሃ በመምታት እንግዳ መምጣቱን ለታች ያሰማል። ከዚህ ነጥብ አንስቶ አቀባበሉ እስኪፈጸም ድረስ ፎቶግራፍ አይነሣም፣ በየቤቱም አይዞርም፤ ቀጥታ የሚኬደው ከበሮዎቹ ወደሚቀመጡበት ዋና ቤት፣ ወደ ኒያንግ ጌንዳንግ ነው። ጫማዎን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው በዝቅተኛው በር ይገባሉ፣ ሰሌን ላይም ይቀመጣሉ። ዋኤ ሉኡ በሚባለው በዚህ ሥርዓት ሽማግሌው በማንጋራይ ቋንቋ ለአባቶች መንፈስ ንግግር ያደርጋል፤ እንግዳው መምጣቱን ይነግራል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እስከሚመለስበት ጊዜ ድረስ ጥበቃ ይለምንለታል። መሪው በሚነግርዎ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ በአክብሮት በሁለት እጅ ያቅርቡ። ንግግሩ ሲያልቅ እንግዳው እንደ መንደሩ ልጅ ይቆጠራል። ይህን ጊዜ አጭር ነው ብሎ በጥድፊያ ማሳለፍ ወይም በስልክ እየቀረጹ መቀመጥ የጉዞውን ዋና ነገር እንደ መርገጥ ነውና ልብ ብለው ያዳምጡ።

ከዚያ በኋላ ለእንግዶች ወደተመደበው ቤት ይሄዳሉ። ፍራሾቹ በክቡ ግድግዳ ዙሪያ ስለሚዘረጉ፣ ከማያውቋቸው ተጓዦች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ አስቀድመው ይወቁ። የሚከፍሉት ገንዘብ ለማኅበረሰቡ የሚገባ ሲሆን ምግብንና ማደሪያን ያጠቃልላል። ምባሩ ኒያንግ የሚባሉት እነዚህ ቤቶች ያለ ሚስማር በሐረግና በገመድ ታስረው የተሠሩ፣ በዘንባባ ቃጫና በሣር እስከ መሬት ድረስ የተከደኑ ናቸው፤ የዋናው ቤት ቁመት 15 ሜትር ያህል ይደርሳል። ውስጣቸው አምስት ደርብ አለው። ከታች ሰው ይኖራል፣ በመሐልም እሳት ይነድዳል፤ ከላይ ያሉት ቆጦች እንደ ቅደም ተከተላቸው ለእህልና ለዕቃ፣ ለዘር፣ ለድርቅ ጊዜ ለሚጠበቅ መጠባበቂያ እህል፣ በመጨረሻም ለአባቶች ለሚቀርብ መሥዋዕት የተለዩ ናቸው። ስለዚህ ወደ ቆጥ ያለ ፈቃድ መውጣት የሰውን ጎተራና መቅደስ በአንድነት መድፈር ይሆናል። በሜዳው መሐል ባለው ቾምፓንግ በሚባለው ክብ የድንጋይ መሠዊያ ላይም መቆም ወይም መቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ቤቶቹ ዛሬ ሰባት ሆነው መታየታቸው የብዙ ድካም ውጤት ነው። መልሶ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አርክቴክቱ ዮሪ አንታርና ባልደረቦቹ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተባብረው፣ የአሠራሩ ዕውቀት ከሽማግሌዎች ወደ ወጣቶች እንዲተላለፍ በሚያስችል መንገድ የጠፉትን መልሰው አቆሙ፤ ሥራውም በ2012 ከዩኔስኮ የእስያና ፓስፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማቶች ከፍተኛውን አገኘ። ክዳኑ በየጊዜው መታደስ ስላለበት የእንግዳው ክፍያ ትርጉም አለው። ከዚህ በላይ መርዳት የሚፈልግ ቡናቸውንና ሴቶቹ የሸመኑትን ሶንግኬ የተባለ ጨርቅ ያለ ብዙ ክርክር ቢገዛ ይበልጣል። ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም ማደል ግን ልመናን ስለሚያስለምድ ይቅር። ብዙዎቹ ልጆች ለትምህርት ሲሉ የሚኖሩት ከተራራው በታች ባለችው በኮምቦ መንደር ነውና፣ ደብተር ወይም መጽሐፍ ያመጣ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክሮ ወደዚያ ይስጥ።

ከዋኤ ሬቦ ሲወርዱ ጥቂት ቀናት ካለዎት ሩቴንግን ማረፊያ ያድርጉ። ከከተማው በስተ ሰሜን የሚገኘው የሊያንግ ቡዋ ዋሻ፣ ሆሞ ፍሎሬሴንሲስ የተባለው የጠፋ የጥንት ሰው ዝርያ የሆነች፣ አንድ ሜትር ያህል ቁመት የነበራት ሴት አጽም እ.ኤ.አ. በ2003 የተገኘበት ስፍራ ነው። በስተ ምዕራብ ባለችው በቻንቻር ደግሞ ሊንግኮ የተባሉት የጋራ የሩዝ ማሳዎች የሸረሪት ድር መስለው ይታያሉ፤ ለማየት ትንሿን ኮረብታ መውጣት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ማሳ ሎዶክ ከሚባለው እምብርት ተነሥቶ ለየቤተሰቡ በጨረር መልክ የተከፋፈለ ነው። ይህ አከፋፈል የምባሩ ኒያንግ ጣሪያ ወራጆች ከመሐል ምሰሶ ወደ ዳር ከሚወርዱበት ሁኔታ ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ የጉዞ ቅደም ተከተልዎን ሲያወጡ ቻንቻርን ከዋኤ ሬቦ በፊት ሳይሆን በኋላ ያድርጉት፤ ቤቱን ከውስጥ ያየ ሰው ማሳውን ከኮረብታው ላይ ሆኖ በቀላሉ ይረዳዋል።